ቤት የሚሠራው ገንዘብና ቤት የሚጠብቀው ውል

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ከልጆቹ ጉሮሮ ሳይነጥቅ ኪራዩን ከፍሎ ሊኖርበት የሚችለውን ቤት፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት በምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚያሠሩትና፣ ካሠሩትም በኋላ ገበያው እንዳይነጥቃቸው በምን ዓይነት ውል እንደሚጠብቁት ነው። ነገሩ በየአገሩ መልኩ የተለያየ ስለሆነ፣ ከሁሉም ጥቂት በጥቂቱ ከመቅመስ ይልቅ፣ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ተከራይተው በሚኖሩባት በዋሺንግተን ከተማና እርሷም በምትተዳደርበት በአሜሪካ ሥርዓት ላይ መቆየትን መርጫለሁ። ዓመታቱን፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1973 በዋሺንግተን ሰሜን ምዕራብ፣ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ ሪትዝ እና ሞዛርት የተባሉ ሁለት የኪራይ ሕንፃዎች ነበሩ። ስማቸው ባለጸግነትንና ጥዑም ዜማን የሚያሳስብ ይሁን እንጂ፣ ግብራቸው ከስማቸው እጅግ የራቀ ነበር፤ የከተማው ተቆጣጣሪዎች በመቶዎች የሚቆጠር የሕግ መተላለፍ መዝግበውባቸዋል፤ ተከራዮቹም ሌላ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ብቻ የሚኖሩባቸው ድሆች ነበሩ። በዚያው ሰፈር፣ ኮሎምቢያ ሮድ ላይ፣ ቸርች ኦፍ ዘ ሴቪየር የምትባል አነስተኛ የክርስቲያን ጉባኤ ከ1960 ጀምሮ የቡና ቤት ከፍታ እንግዳ ትቀበል ነበርና፣ አባሎቿ ጸሎትን ከምግባር ሳይለዩ በየቡድናቸው አንድ አንድ የትሩፋት ሥራ እንዲይዙ የጉባኤዋ ሥርዓት ስለሚያዝዝ፣ ከእነርሱ መካከል ጥቂት ሴቶች የድሆቹን ቤት ነገር የራሳቸው ሥራ አድርገው ያዙት። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ቤት አሠርተውም ሆነ አስተዳድረው አያውቁም። ስለዚህ ወደሚያውቅ ሰው ሄዱ።

የሄዱበትም ሰው ጄምስ ራውስ ነበር። ራውስ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከታወቁት ታላላቅ ሕንፃ አሠሪዎች አንዱ ሲሆን፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በዋሺንግተንና በባልቲሞር መካከል፣ ኮሎምቢያ የተባለችውን አዲስ ከተማ በእርሻ መሬት ላይ አቅዶ በ1967 ለነዋሪ የከፈተ ሰው ነው። እርሱም ሴቶቹን በትሕትና ካዳመጠ በኋላ፣ ሕንፃዎቹ እጅግ የፈራረሱ እንደሆኑ፣ ሰፈሩ ለእንዲህ ያለ ሥራ የማያስተማምን እንደሆነ፣ እነርሱም ገንዘብና ልምድ የሌላቸው ስለሆኑ ነገሩን ቢተዉት እንደሚሻል፣ እንደ አንድ ብልህ ነጋዴ ምክንያቱን ዘርዝሮ መከራቸው። ሴቶቹ ግን ምክሩን ሰምተው ሲያበቁ ሄደው ለሕንፃዎቹ የቀብድ ገንዘብ ከፈሉ፤ ተመልሰውም፣ አሁን ገዝተናልና ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። ራውስም ከዚያ ወዲያ እምቢ ለማለት አልቻለም፤ ገንዘቡ የሚገኝበትን መንገድ አበጀላቸው። የጉባኤው አባላትና ተከራዮቹ ራሳቸው በነጻ ጉልበታቸው ሕንፃዎቹን ማጽዳትና ማደስ ጀመሩ፤ የቆመውም ማኅበር፣ በኦሪት ዘሌዋውያን 25ኛ ምዕራፍ ከተደነገገው፣ መሬት በ50ኛው ዓመት ወደ ቀድሞ ባለርስቱ ከሚመለስበት ከኢዮቤልዩ ዓመት ስሙን ወስዶ፣ ጁብሊ ሃውዚንግ ተባለ። እስከ ዛሬም በዚያው ሰፈር ይሠራል።

ይህን ታሪክ በረጅሙ ያወጋሁት፣ ውበቱ የሚያሳስት ስለሆነ ነው። የሚሰማው ሰው ሁሉ፣ ቆራጥ ልብና አንድ ደግ ባለጸጋ ከተገኙ ቤት ይሠራል ብሎ ሊደመድም ይችላልና። ነገር ግን በዚያች አገር ሪትዝና ሞዛርትን የመሳሰሉ ሕንፃዎች በየከተማው እልፍ ነበሩ፤ ራውስ ግን አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ራሱ ይህን ስለተረዳ፣ የኩባንያውን ሹመት በ1979 ከለቀቀ በኋላ፣ ከባለቤቱ ከፓቲ ራውስ ጋር በ1982 ኢንተርፕራይዝ ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ዓላማውም ለአንድ ሕንፃ ገንዘብ መስጠት ሳይሆን፣ በየሰፈሩ ያሉ ትናንሽ ማኅበራት ገንዘብ የሚያገኙበትን ሥርዓት ማበጀት ነበር። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1979፣ የፎርድ ፋውንዴሽን በተመሳሳይ ዓላማ ሊስክ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀውን ድርጅት መሥርቶ ነበር። እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ሥራ ምሰሶዎች ናቸው።

አሁን፣ ወረቀትና እርሳስ በአጠገባችሁ ካለ፣ አንድ ስሌት አብረን እናድርግ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው። አንድ ማኅበር 100 ቤቶች ያሉት ሕንፃ ለማሠራት አሰበ እንበል፤ መሬቱ፣ ግንባታው፣ የመሐንዲሱና የጠበቃው ዋጋ ተደምሮ 40 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። ተከራዮቹ፣ ከገቢያቸው ከሲሶ በታች እንዲከፍሉ ተብሎ፣ በወር 1,200 ዶላር ይከፍላሉ። የዓመቱ ኪራይ 1,440,000 ዶላር ሆነ። ከዚህ ላይ መድን፣ ውኃ፣ መብራት፣ የዘበኛና የጽዳት ደመወዝ፣ ጥገና፣ ባዶ የሚከርሙ ቤቶች ኪሣራና ለክፉ ቀን የሚቀመጠው መጠባበቂያ ሲነሣ 700,000 ያህል ይተርፋል። ባንክ ደግሞ ከሚተርፈው ሁሉ ላይ አያበድርም፤ ቢጎድልስ ብሎ ጥቂት ያስቀራል፤ ስለዚህ ለዕዳ ክፍያ የሚውለው 600,000 ቢሆን፣ በዛሬው የወለድ መጠን ማኅበሩ የሚያገኘው ብድር ከ8 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ 32 ሚሊዮን ጎደለ ማለት ነው። ጉድለቱ ከማኅበሩ ስንፍና ወይም ከአሠሪዎቹ ስግብግብነት የመጣ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ፤ ድሃው ሊከፍል በሚችለውና ሕንፃው በሚጠይቀው መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ማናቸውም የቤት ፖሊሲ ይህን 32 ሚሊዮን ማን ይክፈለው ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጠው መልስ ሌላ ትርጉም የለውም።

ቀድሞ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በለንደን፣ መልሱ ባለጸጎች ይክፈሉት የሚል ነበር። በዚያ ከተማ የተቀመጠው አሜሪካዊ ነጋዴ ጆርጅ ፒቦዲ በ1862 በ150,000 ፓውንድ ጀምሮ ኋላም ስጦታውን ወደ 500,000 አደረሰ፤ የመጀመሪያውም ሕንፃ በ1864 በስፒታልፊልድስ ተከፈተ። ኦክታቪያ ሂል የተባለችው ሴት ደግሞ በ1865፣ ጆን ረስኪን በገዛላት ጥቂት ቤቶች ጀምራ፣ ለገንዘቡ ባለቤት ከ100 አምስት እየከፈለች የተከራዮቿን ኑሮ በቅርብ ትጠብቅ ነበር። መልካም ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን ኪራዩን የሚችለው ደመወዙ ያልተቋረጠበት ሠራተኛ እንጂ የዕለት ጉርስ ፈላጊው ስላልነበረ፣ ከድሃው ይልቅ የድሃው ጎረቤት የተጠቀመበት ዘመን ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት የሰጠው መልስ ግን ከሁሉም ይልቅ እንግዳ ነው። በ1986፣ በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን፣ ታላቁ የግብር ማሻሻያ ሕግ ሲወጣ፣ ባለጸጎች በሕንፃ ሥራ ስም ከግብር የሚሸሹባቸው ብዙ በሮች ሲዘጉ፣ አንዲት በር ለድሆች ቤት ተብላ ተከፈተች፤ እርሷም በተለምዶ ታክስ ክሬዲት የምንላት ናት። አሠራሯ እንዲህ ነው። መንግሥት ለማኅበሩ ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፤ ለ10 ዓመት በየዓመቱ ከሚከፈል ግብር ላይ የሚቀነስ መብት ይሰጣል እንጂ። ያ መብት ግን፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ግብር ስለማይከፍል፣ በእጁ ሳለ አንዳች አይጠቅመውም። ስለዚህ ብዙ ግብር ለሚከፍል ድርጅት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለባንክ፣ ይሸጥለታል። በምሳሌአችን፣ ከ40 ሚሊዮኑ ውስጥ የመሬቱ ዋጋና አንዳንድ ወጪ ተቀንሶ 30 ሚሊዮኑ ለመብቱ የሚቆጠር ቢሆን፣ መብቱ ከ100 ዘጠኝ ሲሰላ በዓመት 2,700,000፣ በ10 ዓመት 27 ሚሊዮን ይሆናል፤ ባንኩ ለእያንዳንዱ ዶላር 90 ሳንቲም ቢከፍል፣ 24,300,000 ዶላር ለግንባታው ገባ ማለት ነው። ከ32ቱ ሚሊዮን 7,700,000 ብቻ ቀረ።

ነገር ግን ይህ ከ100 ዘጠኝ የሚባለው መብት የተወሰነ ስለሆነ፣ የየግዛቱ የቤት መሥሪያ ቤት በውድድር ያከፋፍለዋል፤ ከሚያከፋፍለውም ቢያንስ አንድ ዐሥረኛውን ለትርፍ ላልቆሙ ማኅበራት እንዲያስቀር ሕጉ ያስገድደዋል። ውድድሩን ያላሸነፈ ማኅበር፣ ከግብር ነጻ ከሆነ የቦንድ ገንዘብ ጋር የሚመጣውን፣ ከ100 አራት የሚባለውን አነስተኛ መብት ይወስዳል፤ ያን ጊዜ በምሳሌአችን የሚገኘው ገንዘብ 10,800,000 ብቻ ስለሚሆን፣ ከ21 ሚሊዮን የበለጠ ጉድለት ይዞ በየደጁ መዞር ይኖርበታል።

ባንኩ ለምን ይገዛል? ትርፍ ስላለው ነው፤ ደግሞም በ1977 የወጣው ሕግ ባንኮች ገንዘብ ከሚሰበስቡበት ሰፈር ለድሃውም ሰው እንዲያበድሩ ስለሚያስገድዳቸውና፣ ተቆጣጣሪዎችም በየጊዜው ስለሚመረምሯቸው፣ እንዲህ ያለው ግዢ በመዝገባቸው ላይ እንደ መልካም ምግባር ይቆጠርላቸዋል። እኔ በበኩሌ፣ መንግሥት ለድሃ ቤት ሊሰጥ የፈለገውን ገንዘብ በባንክ ግብር በኩል አዙሮ፣ በመንገዱም ላይ ለጠበቃ፣ ለሒሳብ አዋቂና ለደላላ ድርሻቸውን አስቆርሶ ማድረሱ፣ ቀጥተኛ መንገድ እያለ ዳገት መውጣት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ በዚህ ዳገት በኩል ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶች እንደ ተሠሩና እንደ ታደሱ፣ ቀጥተኛው የመንግሥት ስጦታ በየዓመቱ በጀት ሲቆረጥ ይህ ግን በግብር ሕግ ውስጥ ተሸሽጎ 40 ዓመት ያህል እንደ ኖረ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የቀረው ጉድለት የሚሞላበት መንገድ በአገራችን አንድ ደብር ሲታነጽ የምናየውን ይመስላል፤ አንዱ ድንጋይ ያመጣል፣ ሌላው ቆርቆሮ ይሳላል፣ ሦስተኛው ጉልበቱን ያበድራል፣ የሩቅ ዘመድም ገንዘብ ይልካል፤ መቅደሱ ሲያልቅ ግን ማን ምን እንዳመጣ ከግንቡ አይለይም። በአሜሪካም እንዲሁ፣ የከተማው የቤት አደራ ገንዘብ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በ1990 በወጣው ሕግ ሆም በሚል ስም የሚሰጠው ድጎማ፣ የፌዴራል የቤት ብድር ባንኮች በ1989 ሕግ መሠረት ከትርፋቸው ዐሥረኛ እጅ ለዚህ ጉዳይ የሚያወጡት ገንዘብ፣ የፋውንዴሽኖች ስጦታ፣ አንዳንድ ጊዜም የአብያተ ክርስቲያናት መሬት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይገናኛሉ። የሚለየው ግን፣ በዚያ እያንዳንዱ ሰጪ የራሱን ውል፣ የራሱን የምርመራ ጊዜና የራሱን የገቢ ወሰን ይዞ ስለሚመጣ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ከግንበኛው ይበልጥ የሚደክም መሆኑ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ገንዘቦች መካከል በመጠን ትንሹ፣ በጠቃሚነቱ ግን ከሁሉ የማያንሰው፣ ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ የሚሰጠው ብድር ነው። አፈሩ መመርመር አለበት፤ ንድፉ መነሣት አለበት፤ ለመሬቱ ቀብድ መከፈል አለበት፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ግንባታው ይፈቀድ አይፈቀድ ባልታወቀበት ሰዓት ስለሆነ፣ መያዣ የሚፈልግ ባንክ እጁን አይዘረጋም። ሊስክና ኢንተርፕራይዝን የመሳሰሉ አበዳሪዎች፣ እንዲሁም በ1994 ሕግ መንግሥት ማገዝ የጀመራቸው የማኅበረሰብ የልማት አበዳሪዎች፣ ሥራቸው በዚህ ክፍት ቦታ ላይ መቆም ነው። ሕንፃው ካልተሠራ ገንዘባቸው ሊቀር ይችላል፤ ይህንንም አውቀው ያበድራሉ።

እስከዚህ የተናገርሁት ስለ መሥራት ነው። አሁን ወደ መጠበቅ እናልፋለን፤ እውነቱን ለመናገር፣ የዛሬውን ዝግጅት ያዘጋጀሁትም ስለዚህኛው ክፍል ብዬ ነው።

በ1960ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ለግል ሕንፃ አሠሪዎች በአነስተኛ ወለድ ለ40 ዓመት የሚዘልቅ የቤት ብድር ያመቻችላቸው ነበር፤ በምላሹም ኪራዩ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ አስፈረማቸው። ነገር ግን በውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ ባለቤቱ ከ20 ዓመት በኋላ ዕዳውን ቀድሞ ከፍሎ ከግዴታው ነጻ መውጣት ይችላል የምትል። አንቀጿ ስትጻፍ 20 ዓመት ሩቅ ስለነበረ ማንም ልብ አላላትም። 1980ዎቹ ሲደርሱ ግን የከተሞች መሬት ተወድዶ ስለነበር፣ ባለቤቶቹ ዕዳቸውን እየከፈሉ ሕንፃዎቹን ወደ ገበያ ለማውጣት ተነሡ፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም በ1987ና በ1990 አስቸኳይ ሕግ እያወጣ፣ አንድ ጊዜ የተከፈለበትን ቤት እንደገና ለመግዛት ተገደደ።

ከዚያ ትምህርት የተገኘ ይመስላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የ1986ቱ ታክስ ክሬዲትም ሲጀመር ኪራዩን ዝቅ አድርጎ የመያዙ ግዴታ 15 ዓመት ብቻ ነበረ፤ በ1989 ተሻሽሎ 30 ሆነ። ቢሆንም ባለቤቱ 14ኛው ዓመት ካለፈ በኋላ ለግዛቱ የቤት መሥሪያ ቤት፣ ገዢ ፈልግልኝ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሕግ በተወሰነው ዋጋ የሚገዛ ካላገኘ፣ ግዛቱ ይህን መብት በውል ካላስቀረው በቀር ግዴታው ይፈርሳል፤ ያሉት ተከራዮች የሚጠበቁት ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሕንፃው ሲሠራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ገንዘብ ተበድረዋል፣ አንድ ዓይነት ሲሚንቶ ገዝተዋል፤ የሕንፃው ዋጋ እጥፍ በሆነበት ቀን ግን አንደኛው መሸጥን ያሰላል፣ ሁለተኛው የቆመበት ዓላማ መሸጥን ስለማይፈቅድለት ይቆያል።

ይህም ቢሆን በበጎ ፈቃድ ብቻ አይጸናም። ታክስ ክሬዲት የገዛው ባንክ፣ በወረቀት ላይ፣ ከሕንፃው ከ100 እጅ 99.99 የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል፤ ማኅበሩ የሚይዘው ከፀጉር የቀጠነ ድርሻና የአስተዳዳሪነት ሥልጣኑን ነው። ሕጉ ከ15 ዓመት በኋላ ማኅበሩ ሕንፃውን ቀሪውን ዕዳና ግብሩን በሚሸፍን ዝቅተኛ ዋጋ በቀዳሚነት እንዲገዛ ይፈቅድለታል፤ ይህም መብት አብዛኛውን ጊዜ በማኅበሩና በባንኩ የሽርክና ውል ውስጥ ይጻፋል። ነገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ አንዳንድ የገንዘብ ድርጅቶች የባንኮቹን ድርሻ በሩቅ ሆነው እየገዙ፣ ውሉ የተጻፈበትን ቃል እየተረጎሙ፣ ማኅበሩ እንዳይገዛ በፍርድ ቤት መከራከርን ሥራ አድርገው ይዘዋል። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅ ከተማ፣ በቻርልስ ወንዝ ዳር ባለ አንድ ትልቅ የኪራይ ሕንፃ ላይ የተነሣው እንዲህ ያለ ክርክር እስከ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ2018 ለማኅበሩ ፈርዷል፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ምክር ቤት ይህን መብት የደነገገው ቤቶቹ ለድሃ ተከራይ እንዲቆዩ አስቦ ነው የሚል ነበር። ማኅበሩ ረታ፤ ግን ለጠበቃ የወጣው ገንዘብ ለጣሪያ ጥገና ሊውል የሚችል ነበር።

የጥገና ነገር ከተነሣ፣ እዚህ ላይ ወደ አገራችን ላፍታ ልመለስ። በ1967 ዓመተ ምሕረት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ኪራይ ተቀነሰ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩትም ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ። ስንት ድሃ ቤተሰብ በእነዚያ ቤቶች በመሐል ከተማ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃ የሚያውቅ ሰው ያንን ኪራይ አያቃልልም። ዳሩ ግን ኪራዩ ለዓመታት ባለበት ቆሞ፣ ለጥገና የሚቀመጥ ጥሪት ስላልነበረ፣ ጭቃው ሲረግፍ፣ ማገሩ ሲበሰብስ፣ ቆርቆሮው ሲዝግ የሚያድሰው ሳይኖር ቀረ። ገበያ ያላፈናቀለውን ቤት ዝናብ አፈናቀለው። ስለዚህ ነው አንድ አስተዋይ ማኅበር ኪራይ ሲወስን ለሊፍቱ፣ ለጣሪያውና ለማሞቂያው መተኪያ በየወሩ የሚቀመጠውን ገንዘብ እንደ ትርፍ ሳይሆን እንደ ዕዳ የሚቆጥረው። ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ የተከራይ ውዝፍ በበዛበትና የሕንፃ መድን ዋጋ በናረበት ጊዜ፣ መጠባበቂያቸው ስስ የነበረ ማኅበራት፣ ልባቸው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ከባድ ጭንቀት ላይ ወድቀዋል።

እንግዲህ ወደ ዋሺንግተን እንመለስ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በስደት ወደዚያች ከተማ የመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የተሰባሰቡት በዚያው በአዳምስ ሞርጋን ነበር፤ በ18ኛው ጎዳና የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ለአሜሪካውያን እንጀራን ያስተዋወቁ ናቸው። ኪራይ ሲንር ግን ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድርያ ተበተኑ። የቀሩት በምን ቀሩ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከፊሎቹ እንደ ጁብሊ ባሉ ማኅበራት ሕንፃዎችና ከተማው በሚደጉማቸው ቤቶች፣ ከፊሎቹም በአንድ ሕግ ጥላ ነው።

ያ ሕግ በ1980 የወጣ ሲሆን፣ አንድ አከራይ ሕንፃውን ሊሸጥ ሲነሣ፣ አስቀድሞ ለተከራዮቹ በጽሑፍ እንዲያቀርብላቸው ያስገድዳል። ሕጉ በየጊዜው ተሻሽሏል፤ ለምሳሌ በ2018 አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርባቸው ቤቶች ከግዴታው ወጥተዋልና፣ የዛሬውን ዝርዝር ከከተማው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ባሉት ሕንፃ ግን በአብዛኛው ተከራዮቹ ማኅበር አቋቁመው፣ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ሕንፃውን ለራሳቸው መግዛት፣ ወይም መብታቸውን ለሚያምኑት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ማስተላለፍ ይችላሉ። ለራሳቸው ሲገዙ፣ እያንዳንዱ አባል በአነስተኛ ገንዘብ ድርሻ ገዝቶ፣ ሲወጣም በተወሰነ ዋጋ ብቻ የሚሸጥበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቆማሉ፤ በከተማይቱ እንዲህ የቆሙ ብዙ ሕንፃዎች አሉ።

ገንዘቡስ? ከተማው በ1988 ባቋቋመው የቤት ልማት አደራ ገንዘብ ውስጥ፣ ከርስት ሽያጭ ቀረጥ አንድ ድርሻ ይገባል፤ ቤት በተወደደ ቁጥር የአደራው ሣጥን ይሞላል ማለት ነው፤ ይህ ከማውቃቸው የግብር ድንጋጌዎች ሁሉ ብልህነት የሚታይበት አንዱ ነው። ነገር ግን የከተማው ገንዘብ በምርመራ ይዘገያል፤ የሕጉ ቀነ ገደብ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በመካከሉ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው ለትርፍ ያልቆሙ አበዳሪዎች፣ ሕንፃው በጊዜው እንዲገዛ ፈጣን ብድር ሰጥተው፣ በኋላ የከተማው ረጅም ብድር ሲመጣ ገንዘባቸውን ይመልሳሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የመጀመሪያው እርምጃ ደብዳቤ ነው። ከአከራዩ የሚመጣው የሽያጭ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ፣ በደረቅ የሕግ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ፣ አባቶችና እናቶች ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር እንዳይጥሉት፣ ልጆቻቸው ወይም የዕድራቸው ጸሐፊ እንዲያነብላቸው እለምናለሁ፤ የጊዜው ገደብ ከዚያ ደብዳቤ ጀምሮ ይቆጠራልና። ተከራዮቹ መብታቸውን ለአንድ ድርጅት ለማስተላለፍ ከወሰኑም፣ ጠበቃቸው አጥብቆ ሊይዛቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ፤ ኪራዩ ለስንት ዓመት ዝቅ ብሎ እንደሚቆይ በሽርክናው ውል ብቻ ሳይሆን በርስቱ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ፣ ድርጅቱ ሊሸጥ ቢነሣ ተከራዮቹ እንደገና ቀዳሚ ገዢ እንዲሆኑ፣ ለእድሳት ከወጡ ወደዚያው ሕንፃ የሚመለሱበት ቀንና የሚከፍሉት ኪራይ በቁጥር እንዲወሰን፣ የመጠባበቂያውም ገንዘብ መጠን በየዓመቱ ለተከራዮች ማኅበር እንዲገለጽ። በታክስ ክሬዲት ታሪክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተፈረሙት የ30 ዓመት ግዴታዎች ከ2020 ጀምሮ በየተራ እያለቁ ስለሆነ፣ ቀድሞ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የምትኖሩ አድማጮችም የሕንፃችሁ ግዴታ የሚያበቃበትን ዓመት ከአስተዳደሩ ቢሮ ዛሬውኑ በጽሑፍ ልትጠይቁ ትችላላችሁ።

የተከራዮች ማኅበር እንዴት እንደሚመሠረትና እንደሚመዘገብ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንመለስበታለን።